የታየ ገመና

ለመሆኑ የሰው ችግር በዓይን ይታያል ወይ? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ልጆች ርስት ይመስላል፤ እኔን ያገኘኝ ግን ዲክሲስ ውስጥ፣ ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ፣ በእጄ ፎርም ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነርስነት ትምህርታችን የአንድን ማኅበረሰብ የጤና ፍላጎት በቀጥታ ምልከታ መገምገም የሚባል ሥራ አለ። ተማሪዋ ወደ መንደሩ ትወርዳለች፤ ቤቱን፣ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ የቆሻሻ መጣያውን፣ ልጆቹን ታያለች፤ ያየችውን ትጽፋለች፤ የተጻፈው ተደምሮ የማኅበረሰቡ ፍላጎት ይህ ነው ይባላል። በውጭ አገር የነርስ ት/ቤቶች ደግሞ ይህንኑ ከመኪና ሳይወርዱ የሚሠሩበት ዘዴ አለ። ሰፈሩን በዝግታ እየነዱ፣ በመስታወት እያዩ፣ ሱቁ የት ነው፣ ክሊኒኩ የት ነው፣ ቤቱ ያረጀ ነው ወይስ አዲስ፣ መንገድ ላይ ማን ይታያል እያሉ ይመዘግባሉ። ስሙም የተወሰደው ከመኪናው የፊት መስታወት ነው። እኛ ጋ መኪናው ቢገኝ እንኳ እያንዳንዱ ደጃፍ ድረስ መንገድ የለም፤ ስለዚህ በእግር ነው የምንሄደው። ይሁንና በእግሩ እየሄደም ያንን መስታወት ግንባሩ ላይ ለጥፎ የሚዞር ሰው አለ። አንዷ እኔ ነበርኩ።

ስለ አንድ ቤት ላውራ። ዲክሲስን ለማያውቅ አንባቢ፣ የአርሲ ደጋ ነው፤ የስንዴና የገብስ አገር፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ። የገባንበት ቤት ጥጃና በግ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድሩበታል፤ ማገዶው ኩበት ነው፤ ጢሱ መውጫ ስላጣ ጣራው ከውስጥ ጥላሸት ለብሷል። ፎርሜ ላይ ይህ ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። ከብት ከሰው ጋር ያድራል፦ አዎ። መስኮት፦ የለም። መጸዳጃ፦ አለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዲያውም መጸዳጃው መንገድ ዳር ቆሞ ቆርቆሮው ገና ከሩቅ ስላብለጨለጨብኝ፣ ምልክቱን ያደረግሁት ቤቱ ሳልደርስ ነው።

አብራን የነበረችው ሲስተር (ስሟን አልጠራም፤ ብጠራውም አትወድልኝም) የአካባቢው ልጅ ናት፤ በጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ፎርም አልያዘችም። ቡናው እስኪፈላ ተቀመጠች፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ተጫወተች። ስንወጣ፣ «ወደ መጸዳጃው የሚወስደውን መንገድ አየሽው?» አለችኝ። ዞሬ አየሁ። መንገድ የለም። ከቤቱ ወደ ምንጩ፣ ከቤቱ ወደ በረቱ፣ ከቤቱ ወደ ጓሮው የሰው እግር የላገው ቀጭን መንገድ አለ፤ ወደ መጸዳጃው ግን ሣሩ እንደ ቆመ ነው።

እኔ ቆርቆሮ አየሁ፤ እሷ ሣር አየች። ሁለታችንም ዓይን አለን፤ ሁለታችንም በቀጥታ ተመልክተናል።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ «ታድያ ምን ችግር አለው? ልምድ ሲኖርሽ አንቺም ሣሩን ታያለሽ» ብሎኛል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ። ሣሩ መጸዳጃው እንደማይሠራበት ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ ግን ሣር አይናገርም። ያንን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ «ዝም ብለን ለምን አንጠይቅም?» የሚል ይመጣል። ጠይቀን እኮ ነበር!

የአገሩ ሰላምታ ራሱ የጤና መጠይቅ ነው። ነጋ ነው ወይ፣ ፈያ ነው ወይ፣ ማለትም ሰላም ነው ወይ፣ ጤና ነው ወይ ይባልና፣ ከሰውዬው ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ከብቱ ይወርዳል። በአማርኛችንም ቢሆን አፋችንን የምንፈታው «ጤና ይስጥልኝ» ብለን ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ልጅ በትኩሳት እየነደደ ያደረበት ቤት እንኳ በመጀመሪያ «ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። እኛ ፎርም ይዘን «በቤቱ ውስጥ የታመመ አለ ወይ?» ስንል፣ ሰዎቹ የሚሰሙት ሰላምታ ነው፤ የሚመልሱትም ለሰላምታ የሚገባውን ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፏ ስለ ምልከታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፋለች። እዚያ ከምትነቅፋቸው ነገሮች አንዱ መልሱን በጉያው ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ስለ በሽተኛ «ደኅና አደረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስረዳም ባይ ናት። በዚህ ላይ እንግሊዛዊቷና የአርሲ ደጋ ባይተዋወቁም ይስማማሉ።

ዓይን የግድ የሚያስፈልግበትን ቦታ ለማሳየት ወረንጦን ልጥቀስ። በገጠራችን ብዙ ሴቶች ወረንጦ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ለእሾህ ነው፤ ደግሞም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌን የሚወጋ የዓይን ሽፋሽፍት ፀጉር ለመንቀል ነው። ይህ ትራኮማ ለዓመታት ከቆየ በኋላ የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ መጨረሻው ዕውርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005ና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት የአገሪቱ ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። እናት ግን «የዓይን በሽታ አለብሽ?» ስትባል «የለብኝም» ትላለች። ለምን አትል! ፀጉሩን ራሷ ትነቅለዋለች፤ እናቷም ስትነቅል አይታለች፤ ለእሷ ይህ ፀጉር መታጠብ እንደማለት ያለ የኑሮ ሥራ ነው። ሰው የለመደውን ችግር ችግር ብሎ አይጠራውም። ስለዚህ ወረንጦውን አይታ «እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በይልኝ» የምትል ነርስ ባትኖር ኖሮ ያች ሴት ከነጨዋነቷ ትታወር ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጠይቀው ብቻ አይገኝም፤ አይተው ብቻም አይገኝም። ግን እኔን የከነከነኝ የዘዴው ነገር አይደለም። ማየት በራሱ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ማንስ ፈቀደልን?

አማርኛ «ገመና» የሚል ቃል አለው። የቤት ጉድለት ነው፤ ግን ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድህነት ብለን በጠራነው ነበር። ገመና የሚሆነው የሌላ ሰው ዓይን ሲመጣ ነው። የተቀደደ ቁምጣ ለባለቤቱ ቁምጣ ነው፤ እንግዳ ሲገባ ገመና ይሆናል። ሰው ፈጣሪውን «ገመናዬን ሸፍንልኝ» ብሎ የሚለምነው ለዚህ ነው፤ «ገመናውን አወጣበት» ማለትም ከስድብ የከፋ ክስ ነው። ደግሞ «የሰው ዓይን» የምንለው አለ። በዚያ ቤት ሕፃኑን የያዘችው ምራት ሚዛኔን ስታይ ልጁን በሻሽዋ ሸፈነችው። ክፍል ውስጥ ብንሆን ስለ ቡዳ አጉል እምነት ኖት እንጽፍ ነበር። ዓይን ሕፃን ይገድላል ብዬ አላምንም። ነገር ግን በዚያ እምነት ውስጥ እኛ ያልተማርነው አንድ እውቀት አለ፦ መታየት የታየውን ሰው እንዳለ አይተወውም። እኛ ምልከታ እንለዋለን፤ የሚታየውን ሰው የማይነካ፣ ንጹሕ፣ ወጪ የሌለው ሥራ አድርገን። ያቺ ምራት ከእኛ የተሻለ ገብቷታል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማድረግ የሚገባ ይመስለኛል፤ አደባባይና ጓዳ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኦመን የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ በ56 ገበያዎች የሰው እግር አይቶ ስለ ዝሆኔ በሽታ ጥናት አውጥቷል፤ ካያቸው ሰዎች ከመቶ ሦስት የማይሞሉት እግራቸው ያበጠ ነበር። ቀጥሎ ፕራይስ የተባለው ሌላ ሐኪም እግሩን ብቻ ሳይሆን እግሩ የቆመበትን አፈር አየ። ትንኝ ያመጣው ትል ነው ሲባል፣ እሱ በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ አይቶ፣ በሽታው ከአፈሩ እንደሚመጣ አስረዳ። መከላከያውም ጫማና ውኃ መሆኑ በዚያው ታወቀ። ይህን የመሰለ ምልከታ ማን ይጠላል? ገበያ የወጣ እግር አደባባይ የወጣ እግር ነው። የጓዳ ነገር ግን ሌላ ነው። ጓዳ ያለውን ችግር ባለቤቱ ይሰጥሃል እንጂ አንተ አትወስደውም። ብትወስደውም የምታገኘው ቆርቆሮውን ነው።

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። የማኅበረሰቡ የጤና «ፍላጎት» እያልን እንጽፋለን። ፍላጎት የሚመጣው ከመፈለግ ነው፤ ፈላጊ የሌለው ፍላጎት የለም። እኛ ግን በፎርማችን ላይ የምንጽፈው ሰዎቹ የፈለጉትን አይደለም፤ እኛ የጎደላቸው ነው ያልነውን ነው። ጆናታን ብራድሾው የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ነገሩን በአራት ከፍሎታል፦ ባለሙያው ጎድሏል የሚለው፣ ሰዎቹ ራሳቸው የሚሰማቸው፣ ተሰምቷቸው አፍ አውጥተው የጠየቁት፣ ከሚመስላቸው ሌላ ሰፈር ጋር ሲተያዩ የጎደላቸው። አራቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በየፊናቸው ይሄዳሉ። ከዲክሲስ ከተመለስኩ ወዲህ እኔ አምስተኛ ጨምሬበታለሁ፤ ለጎብኚ ሲባል የሚሟላ ፍላጎት።

የመጸዳጃውን ነገር ሲስተር ያወቀችው በሦስተኛው ጉብኝት ነው። በመጀመሪያው ሣሩን አየች፤ በሁለተኛው ስለ እሱ ምንም አላነሣችም፤ በሦስተኛው ምራቲቱ ራሷ ነገረቻት። ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ሊያይ ለሚመጣ ሰው ከመንገድ እንዲታይ ሆኖ ተሠራ። በሩ ወደ መንገድ ነው። በመንገዱ ገበያተኛ ያልፋል፤ አማቷ ደጅ ተቀምጠው ይውላሉ። አንዲት ምራት አማቷ ፊት ሽንት ቤት ልትገባ! በአገሩ ወግ ስማቸውን እንኳ ደፍራ አትጠራም። እናም ሌሊት ሌሊት ወደ ባሕር ዛፉ ትወርዳለች፤ ከጅብና ከብርድ ጋር። እኛ እንድናየው ተብሎ የተሠራው ነገር እሷን ስለሚያሳያት አልተጠቀመችበትም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ምልከታ ንጹሕ ሥራ አይደለም ማለት የጀመርኩት፤ ዓይናችን እኛ ሳንደርስ ቀድሞ ደርሶ፣ የዚያን ቤት በር ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ አዙሮት ነበር።

አርሲ እንዲህ ያለ ዓይን ሲመጣባት የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ተቋቋመ። ካዱ የቆመው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ብዙ አጥንቷል፣ ብዙ ለክቷል። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር መጣ፤ ምርቱም አደገ። ነገር ግን ስንዴው ሲያተርፍ ባለ መሬቱ ትራክተር አመጣ፤ ትራክተሩ ሲመጣ ጭሰኛው ተነቀለ። የኩንታሉ ቁጥር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ያንኑ ማሳ ያርስ የነበረው ሰው ከነቤተሰቡ ወጣ። ይህን ያዩና የጻፉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ማየታቸው ግን ጭሰኛውን መሬቱ ላይ አላቆየውም። ጭሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ለተነቀለው ሰው ዘግይቶ። ካዱን ለመውቀስ አይደለም ያነሣሁት፤ አስተዋይ ታዛቢም አይቶ፣ ጽፎ፣ ሪፖርቱን አሳትሞ፣ ምንም ሊሆንለት እንደማይችል ለማሳየት ነው።

በዚህ ረገድ የጤናው ዘርፍ ጥሩ ሐሳብ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ባለፈው ዓመት የደምቢያን ሜዳ ወባ ጠርጎት ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድነት ወደ ገጠር እየላከ አሠለጠነ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማኅበረሰቡ ውስጥ አስገባው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመደቡ፤ የሰፈሩን ቋንቋ የሚናገሩ፣ እዚያው የሚኖሩ ሴቶች። እኔ ከሁሉም በላይ ብልጥ የምለው ይህንን ነው። እዚያው የምትኖር ሴት ሰውን ታያለች፤ ሰውም እሷን ያያታል። የእሷ ልጅ ሲታመም፣ የእሷ ጎጆ ሲያፈስ መንደሩ ያውቃል። ገመናዋ ከገመናቸው ጋር ነው። እኛ የሦስት ሳምንት እንግዶች ግን ሁሉን አይተን ሳንታይ እንመለሳለን።

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ሳወራ አንዱ ተቆጣ። «ልጅ በተቅማጥ እየሞተ አንቺ ስለ ገመና ትፈላሰፊያለሽ! ፈቃድ እስክትጠብቂ ስንቱ ይቀበራል?» አለኝ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ የማይመለስ ሕፃን ያየች ነርስ ሦስተኛ ጉብኝት ልትጠብቅ አይገባትም፤ ሻሹን ገልጣ፣ ውኃውን በጨውና በስኳር በጥብጣ እዚያው ታጠጣ። ግን ልብ በሉ፤ ያኔ ማየትና ማድረግ አልተለያዩም። ያየችው እጅ ያጠጣችው እጅ ነው። እናቲቱም «ለምን አየሽብኝ?» አትልም። የእኔ ፎርም ግን አይቶ የሚሄድ ነው። ልጁን መዘንኩት፤ ክብደቱ ከሚገባው በታች ነበር፤ ጻፍኩት። የጻፍኩት ለእናቱ አልነበረም።

ይህንን ያስታወሰችኝ የቤቱ እመቤት ናት። በመጀመሪያው ቀን ልንወጣ ስንል ወደ ሲስተር ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት፤ ሲስተርም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችልኝ።

«ይቺ ልጅ ምን አየች? ይላሉ።»

ምን እንደምል ጨነቀኝ። ከብት ከሰው ጋር ያድራል ልበላቸው? መስኮት የላችሁም ልበላቸው? «ቤታችሁ ጥሩ ነው፣ እማማ» አልኩ። ያንን ውሸት ሲስተር ስትተረጉመው ፈገግ አሉ፤ እንግዲህ እኔም ለሰላምታ የሚገባውን መመለሴ ነው። ቀጥለው፣

«ያየችውንስ ለማን ትነግረዋለች?»

«ለመምህራችን።»

«መምህሩ ዲክሲስን ያውቃል?»

ሲስተር ይህንን ተርጉማ ዝም አለች። ልታግዘኝ አልፈለገችም። እኔም ዝም አልኩ። ሴትዮዋ አልተቀየሙም፤ ቆሎ ጨብጠው በመዳፌ ላይ አደረጉልኝና ሸኙን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲስተርን አሰላ አገኘኋት። የቤቱ ልጅ የመጸዳጃውን በር ነቅሎ ወደ ጓሮው አዙሮታል አለችኝ፤ ሁለት አጠናና አንድ ጆንያ ነው የፈጀው። ከቤቱ ወደዚያ የሚወስድ ቀጭን መንገድ መውጣት ጀምሯል። ደስ ብሎኝ ወደ ት/ቤት ስመለስ ሪፖርቴ ላይ ያንን ቤት ላርመው ጠየቅሁ፤ «መጸዳጃ አለ» ያልኩት ያኔ ስህተት እንደነበር፣ አሁን ግን እውነት እንደሆነ ለመጻፍ። ቁጥሩ ተደምሮ አልፏል፣ ደግሞም መጀመሪያም «አለ» አሁንም «አለ» ከሆነ ምኑ ይታረማል ተባልኩ።